ዑመይር «የለኝም» ያለ ዕለት

ዑመይር በዕድሜው ብዙ ነገር ብሏል፤ «የለኝም» ብሎ ግን አያውቅም።

ነበረው ማለት አይደለም። ምን አለውና! አንድ ፈረስ፣ አንድ ጋሪ፣ ከጎጆው ጀርባ ትንሽ የእንሰት ጓሮ፣ ከዚያ ወዲያ በርበሬ የሚተክልባት ቁራሽ መሬት። ከመስቃን ገጠር የገበሬውን በርበሬ እየጫነ ቡታጅራ ገበያ ያደርሳል፤ ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባጃጅ የናቀውን ጭነት ያነሳል። ያም ሆኖ ቤቱን የረገጠ ሰው ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም። ከሌለ ከጎረቤት ይመጣል፤ ጎረቤትም ተራው ሲደርስ ከዑመይር ቤት ይወስዳል። በዚያ ሰፈር ሰሃኑና ምንጣፉ የማን እንደሆነ ከተረሳ ቆይቷል፤ እንግዳ ካረፈበት ቤት ያድሩና በማግስቱ ይመለሳሉ።

ኑሮ እንዴት ነው ሲሉት መልሱ አንድ ነው። «አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም።» ፈረሱ አንክሶ ሥራ የፈታ ጊዜ እንዲህ አለ። ሚስቱ ነዒማ አታት ሆስፒታል ተኝታ የከረመች ጊዜም አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ለጠያቂው ሁሉ እንዲሁ ሲል፣ ሴትዮዋ ከነሕመሟ ቀና ብላ «እኔስ? እኔ ከቤት አልጎደልኩም?» ብላ አሳቀችበት። ሰው ሳቀ፣ ዑመይርም ሳቀ፤ ልማዱን ግን አልተወም።

ይህ ልማድ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር፤ የሃፊዛ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ሃፊዛ አንድያ ልጃቸው ናት። እናቷን ልታስታምም አታት በተመላለሰች ጊዜ የደም መመርመሪያው ክፍል በር ላይ ቆማ ስታይ ትውል ነበርና፣ ኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት ከዚያ ወዲህ ልቧን ያዘው። ብዙው ልጅ የሚወድቅበትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥሩ ነጥብ አለፈች። አስተማሪዋ ባዋሳት ላፕቶፕ ቡታጅራ እየተቀመጠች ለውጭ አገር ኮሌጆች ስታመለክት ከረመችና፣ አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀበላት። ስሙን ዑመይር እስከ ዛሬ አስተካክሎ መጥራት አልቻለም። «ያ ኮሌጅ» ይለዋል፣ ይበቃዋል።

ያ ኮሌጅ ከክፍያው ግማሹን ትቼልሻለሁ አለ። የቀረው ግማሽ ግን ጎጆውም፣ ጓሮውም፣ ፈረሱም፣ የፈረሱ ባለቤትም አንድ ላይ ቢሸጡ የሚሞላ አልነበረም። ደግነቱ እሱን የሚከፍል ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ። ድርጅቱ የሚረዳው አቅም የሌለውን ቤተሰብ ልጅ ብቻ ነው፤ አቅም አለመኖሩን ለማረጋገጥም ሰው ወደየቤቱ ይልካል። እነ ሃፊዛ ቤት እንድትሄድ የተመደበችው ማስተዋል የምትባል ሴት ነበረች፤ እሷም ራሷ በዚያው ድርጅት እርዳታ ውጭ ተምራ የተመለሰች ናት። ጥምቀት ባለፈ ሳምንት እመጣለሁ አለች።

ሃፊዛ ለአባቷ ነገሩን ለማስረዳት ያላደረገችው የለም።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ የምትመጣው የሌለንን ልታይ ነው።»

ዑመይር ፈረሱን ከጋሪው እየፈታ ነበር። «የሌለ ነገር እንዴት ይታያል?»

«ቤታችንን እንዳለ ትየው ማለቴ ነው። ምንም እንዳትጨምሩበት።»

«እንግዳ ጉድለትህን ሊያይ ይመጣል? እንዲህ ያለውን እንግዳ አባቴም አያውቅ።»

«አባዬ፣ እባክህ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አለ።

አልገባውም። ወይም ገብቶታል፣ ግን በራሱ መንገድ። ልጁን ሊወስዱ ያሰቡ ሰዎች ቤቷን አይታ የምትመለስ መልእክተኛ ላኩ፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ መልእክተኛ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፣ ሽማግሌ። ሽማግሌ ሲመጣ ቤት ይሞላል፣ ይነጠፋል፣ ይደገሳል። ከጎደለ ቤት ልጅ ማን ይወስዳል? ተራ ባል ለሚልከው ሽማግሌ እንዲያ ከተደረገ፣ ያን የሚያህል ኮሌጅ ለላካት ሴት ምን ሊደረግ ነው ብሎ ሲያስብ ሰነበተ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሰውየው የሳተው በፍቅር ነው።

ቀኑ ሲደርስ ሃፊዛ እንግዳዋን ከመናኸሪያ ልትቀበል በማለዳ ቡታጅራ ወረደች። ገና ከዓይን ሳትርቅ ሰፈሩ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ የመጣው ሶፋው ነው። አጥር የምትጋራቸው ወለተ ሐና፣ አዲስ አበባ ያሉት ልጆቿ ለመስቀል ሲመጡ ያወረዱላት ሶፋ አላት፤ በሰፈሩ ሌላ ሶፋ የለም። በጎጆው በር አልገባ ቢል እግሮቹን ፈትተው፣ በጎኑ አጋድመው፣ አንዱ ቢስሚላህ ሌላው በስመ አብ እያለ ተጋግዘው አስገቡት። ቀጥሎ ሙባሪክ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ መጣ። ሙባሪክም እንደ ዑመይር ባለጋሪ ነው። ልቡ ለጋስ ነው፤ ምላሱ ግን ከፈረሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ምንጣፍ መጣ፣ አበባ ያለበት ብርጭቆ መጣ። ወለተ ሐና ይህን ሁሉ አይታ አላስችላት ብሎ ላሟን ጎትታ አመጣችና ደጃፉ ላይ አሰረቻት።

«ወተት የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው?» አለች።

ምግቡም የራሱ ጣጣ ነበረው። እንግዳዋ ክርስቲያን ናት፤ ዑመይር ባርኮ ያረደውን አትበላም። ስለዚህ ነዒማ ለዓመት ቀለብ ብላ ያስቀመጠችውን በርበሬ ሸጦ፣ ከክርስቲያን ልኳንዳ ሥጋ አስገዝቶ፣ ክትፎው በወለተ ሐና ቤት፣ በወለተ ሐና እጅ፣ በወለተ ሐና ጣባ ተሠራ። ጾም እንዳይሆን ብሎ ሲጨነቅ ወለተ ሐና ሳቀችበት። «ገና ወጣ፣ ሁዳዴ አልገባ፣ ቀኑ ማክሰኞ። ምን ጾም ታመጣብኛለህ?»

ነዒማ ግን በሩ ላይ ቆማ ሶፋውን ስታይ ቆየች። «የሃፊዛ አባት፣ ልጅቷ ምን ነበር ያለችህ?»

«ልጅ ናት፣ ስለ እንግዳ ምን ታውቃለች? አንቺ አይቡን ተመልከቺ።»

ሃፊዛ ከእንግዳዋ ጋር ስትደርስ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆመ። ላሟን አየች። በበሩ አሻግራ ሶፋውን አየች። ከዚያ አባቷን አየችው። ዑመይር በኩራት ራሱን ነቀነቀላት፤ ዝምታዋን እንግዳ አፍራ ነው ብሎ ተረጎመው።

ማስተዋል ጨዋ ሴት ናት። ሶፋው አንዱ እግሩ በደንብ ስላልተገጠመ ይንገዳገድ ነበር፤ እንዳላየች አለፈችው። በላች፣ አመሰገነች፣ እጇን ታጠበችና መጠየቅ ጀመረች።

«አባቴ፣ ኑሯችሁ በምንድን ነው?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም።»

«ማለቴ፣ ገቢያችሁ ከምን ከምን ነው?»

«አላህ ይሰጣል፣ እኛ እንበላለን። እርስዎ ግን ምንም አልበሉም፣ ይጨመርልዎ እንጂ።»

ውጭ ላሟ ወለተ ሐና ግቢ የቀረ ጥጃዋን እየጠራች እምቧ ትላለች። ማስተዋል ወደዚያ ዞር አለች። «ላሟ የእናንተ ናት?»

«አላህ የሰጠን ናት» አለ ዑመይር። ስለ ከብት ከዚህ በላይ ለሰው የሚናገር ማን አለ?

«ችግር ቢመጣ የሚደርስላችሁ ዘመድስ አላችሁ?»

እዚህ ላይ ዑመይር ደረቱን ነፋ። «መርካቶ ሙሀመድሰይድን ይጠይቁ። የአጎቴ ልጅ ነው። ሱቁ ይህን ያህላል» ብሎ እጁን ሲዘረጋ እጁ የጎጆውን ግድግዳ መታው። «ለዐረፋ በገዛ መኪናው ነው የሚመጣ። እሱን የመሰለ ዘመድ እያለን ልጃችን ሜዳ አትወድቅም።»

ማስተዋል የተባለችውን ጻፈች። ሃፊዛ ግድግዳው ጋ ቆማ ትሰማለች። አንዲት ቃል ብትናገር ያ ሁሉ ይናዳል፤ ነገር ግን አባትን በገዛ ቤቱ፣ በእንግዳ ፊት ውሸታም ማድረግ እንዴት ይቻላል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን ነቀዘ።

ሲመሽባት እንዳትቸገር ብሎ ዑመይር ራሱ በጋሪው እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ቆጮ በቅጠል ጠቅልሎ አስያዛት። «ደስ የሚል ቤተሰብ አላችሁ» አለችው ስትሰናበተው። ሽማግሌን ሸኝቶ እንደሚመለስ አባት እያፏጨ ቤቱ ገባ።

መልሱ የመጣው በመጋቢት ነው። ዑመይር እንሰቱን ሲኮተኩት ሃፊዛ ከቡታጅራ ተመልሳ አጠገቡ ቆመች፤ ስልኳ ላይ የተላከላትን አነበበችለት። ቤተሰቡ ራሱን የቻለና ዘመድ ያለው ሆኖ በመገኘቱ ዕድሉ የባሰ ለተቸገሩ ይሰጣል ይላል።

«ምን ማለት ነው?» አለ ዑመይር።

«ሀብታም ናችሁ ማለት ነው፣ አባዬ።»

መጀመሪያ ሳቅ መጣበት። ከዚያ ልጁን አያት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ስልኳን ከተተች፣ ጀሪካኑን አነሳች፣ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጋሪውን ሳይጠምድ ዋለ። ሶፋው መጣበት፣ ላሟ መጣችበት፣ የዓመት ቀለቡ በርበሬ መጣበት። ጠላት እንኳ የሰውን ልጅ እንዲህ ደክሞ፣ እንዲህ ተዋውሶ አይጎዳም። ሊድራት ብሎ በሩን ዘጋባት። አፈረ። እስከዛሬ በጎደለው ነገር ነበር የሚያፍረው፤ በሞላው ነገር ሲያፍር ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ተስፋ ግን ቀረው። ለሴትዮዋ የተናገረው የሙሀመድሰይድ ነገር እውነት ነው፤ ሶፋው ቢዋሱትም ዘመዱ የራሱ ነው። ቡታጅራ ወርዶ ካርድ ሞላና ደወለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ዑመይር! እንዴት ናችሁ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም። እናንተስ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም።»

ከዚያ ዑመይር እየተንተባተበ የሃፊዛን ነገር ነገረው። ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ካርዱ ያለቀ መሰለው።

«ዑመይር» አለ ሙሀመድሰይድ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሱቁ እኮ ከፈረሰ ቆየ። አሁን ሰው ሱቅ ተቀጥሬ ነው የምውለው።»

«መኪናውስ? አምና ለዐረፋ ይዘኸው የመጣኸው?»

«የኪራይ ነበር። የካቻምናውም የኪራይ ነበር።» ትንሽ ቆየና «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ለማንም እንዳትነግር» አለ።

ዑመይር ስልኩን እንደያዘ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጠ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያን መኪና ሲከበው፣ ልጆች በመስኮቱ ሲያጮልቁ፣ እሱም እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ «የኛ ነው» ሲል ታየው። እሱ ሶፋ ተዋሰ፣ ሙሀመድሰይድ መኪና ተከራየ። ሁሉም ተቸግሯል፣ ሁሉም ደግሞ ምንም አልጎደለበትም። ታዲያ እንዴት ነው አንዱ ለሌላው የሚደርሰው?

ቤት ሲገባ ለነዒማ «ሙሀመድሰይድ አይመቸውም» አላት፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም። እሷም አልጠየቀችውም።

«የሃፊዛ አባት» አለችው፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አታት ሐኪሙ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ሲለኝ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ ብለው ኖሮ ዛሬ አፈር በልቼ ነበር። ምስጋናው ለአላህ ይሁን፤ ለሐኪም ግን ያመመህን ነው የምትነግር።»

ዑመይር አምሽቶ አድሮ ልጁን ጠራት። «ለዚያች ሴት ደውዪላት» አለ።

ማስተዋል በስልክ የዋዛ አልሆነችም። «ያን ጊዜ ነው የዋሻችሁኝ ወይስ አሁን ልትዋሹኝ ነው?» አለች። ሃፊዛ እያፈረች ሁሉንም ነገረቻት፣ አባቷ እንግዳዋን እንደ ሽማግሌ መቁጠሩን ሳይቀር። ማስተዋል እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ የድርጅቱን ደንብ ነገረቻት። ውሳኔው እንደገና የሚታየው አባትየው ራሱ በአንደበቱ ካስተካከለ ነው። እሱም በቤቱ ሆኖ፣ ሁለት ጎረቤት በተገኘበት። ቃሉ ካልተስተካከለ ነገሩ ያበቃል፤ ሌላ ጊዜ የለም።

«በጎረቤት ፊት?» አለ ዑመይር።

ሙባሪክ የዑመይርን ድህነት አያውቅም? ያውቃል። ዑመይርም የሙባሪክን ያውቃል፤ ወለተ ሐናም ልጆቿ የሚልኩላት በስንት መከራ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ መስማት ሌላ። ሲታወቅ ኑሮ ነው፤ ሲነገር ውርደት ይመስላል። ከዚህ ሰፈር ሰው «ድሃ ነኝ» ብሎ በገዛ አፉ የተናገረ ዑመይር አያስታውስም፤ ለማኝ እንኳ «ስለ አላህ» ይላል እንጂ እንዲያ አይልም።

ማስተዋል በሚያዝያ መግቢያ፣ በሁዳዴ መጨረሻ ተመልሳ መጣች። ያን ቀን ጠዋት ወለተ ሐና በልማዷ ሰሃን ተሸክማ ብቅ ስትል ዑመይር በሩ ላይ ጠበቃት።

«ዛሬ ሰሃንሽን መልሺ፣ እትዬ።»

«ባዶ ቤት እንግዳ ልትቀበል? ምን ነካህ አንተ ሰው?» አለች። ፊቱን ስታየው ግን ሌላ አልጨመረችም። ሰሃኑን መልሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ለምስክርነት ባዶ እጇን መጣች። ለእሷም ቀላል አልነበረም። ሙባሪክ ቀድሞ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ማስተዋል ገብታ ዙሪያዋን አየች። ቤቱ ሰፍቷል። አልጋ የሚሆን መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የፈረስ ልጓም፣ መሬት ላይ የተነጠፈ የእንሰት ጅባ። ዑመይር ጅባው ላይ አስቀመጣትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«አባቴ፣ ሶፋው የት ሄደ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። አንደበቱ በልማዱ «አልሃምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ ዕድሜ ልኩን ብሎታል፣ አፉ ላይ ደርሷል። ሃፊዛን አያት። ያን ቀን የቆመችበት ቦታ፣ ግድግዳው ጋ ቆማለች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ዛሬም እንደዚያ ቀን ቢል ዛሬም ዝም እንደምትል አወቀ። አባቷን ከምታዋርድ ዕድሏን ትሰጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ ናት ያሳደገው።

«የለኝም» አለ።

ቃሉ ሲወጣ በጣም ትንሽ ሆነ። ያልሰማችው መስሎት ደገመው። «ሶፋ የለኝም። የወለተ ሐና ነው።»

«ላሟስ?»

«ላም የለኝም። እሷም የወለተ ሐና ናት። ጥጃዋን ነበር የምትጠራው።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

«እሱ የሙባሪክ ነው፤ ተበላሽቷል ደግሞ።»

«ምስሉ ይታያል፣ ድምፁ ብቻ ነው የጠፋ» አለ ሙባሪክ ሳያስበው፤ ወለተ ሐና በክርኗ ጎሸመችው።

«የመርካቶው ዘመዳችሁስ?» አለች ማስተዋል።

ዑመይር እዚህ ላይ ቆም አለ። የራሱን ገመና ማውጣቱን ተቀብሏል፤ የሰው ገመና ግን የእሱ አይደለም። «እሱም የራሱ ጭነት አለበት» አለ። «ከሱ የምንጠብቀው የለም። ያን ጊዜ የተናገርኩት ለመኩራት ነው።»

ማስተዋል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስትገባ የነበረው ጥርጣሬ ከፊቷ ለቋል፤ አሁን የምትጠይቀው ለድርጅቱ አይመስልም ነበር። «እንግዲያው ያን ቀን ካየሁት ውስጥ የእናንተ የነበረው የቱ ነው?»

ዑመይር ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሁሉ ድግስ የእኔ የሚለው ነገር ፈለገ። ዓይኑ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆመ።

«እሷ» አለ። «እሷ ብቻ ነበረች የኛ። ሌላውን ሁሉ የተዋስነው ለሷ ብለን ነው፣ ልጄ።»

እንግዳዋን «ልጄ» ሲላት የመጀመሪያው ነው፤ ሶፋው ላይ ሳለች «እርስዎ» ነበር የሚላት። ሃፊዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ወለተ ሐና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሙባሪክ እንኳ ቀልዱን ትቶ መሬት ጫረ።

ነዒማ ቆጮና ጎመን ይዛ ገባች። «ጾመኛ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ከዘይት በቀር ምንም የለበትም» አለቻት። ማስተዋል ቆርሳ በላች። ዑመይር ስታኝክ እያያት ትንሽ ታገሠና አላስችል አለው።

«እሱስ የራሳችን ነው» አለ።

ሙባሪክ ለምስክርነት ሲጠራ ምሏል፤ ዝም በል ያለው ግን አልነበረም። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ቡታጅራ ውስጥ የበርበሬ ነጋዴው ሁሉ ወሬውን ይዞታል። ዑመይር ጋሪውን ሲያቆም «የለኝም መጣ!» ይሉት ጀመር። ስሙ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከነከነው፤ አንዳንድ ቀን ፈረሱን በሌላ መንገድ ይነዳ ነበር። ቀን ሲሄድ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። የሚቀልዱበት ሰዎች ቀልደው ሲጨርሱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እውነት ግን፣ እንዴት ብለህ ነገርካት?» ይሉታል።

መልሱ ዐረፋ ሊሆን ሲል መጣ። ሃፊዛ ከአስፋልቱ ጀምራ እየሮጠች መጥታ የአባቷን አንገት አቀፈች፤ ድርጅቱ የቀረውን ክፍያ ሊከፍልላት ተስማምቷል። ነዒማ እልል አለች፤ ወለተ ሐና ከአጥር ወዲያ ምን እንደሆነ ሳትሰማ አብራ እልል አለች።

በዐረፋ ዋዜማ ሰፈርተኛው እንደ ልማዱ የሙሀመድሰይድን መኪና ሊያይ መንገድ ዳር ወጣ። መኪናው አልመጣም። ከሚኒባስ ላይ አንድ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ወረደ። ዑመይር ሲያየው ጋሪውን አዙሮ ፈጠን ብሎ ተቀበለው።

«ሙሀመድሰይድ፣ መኪናህ ምን ሆነ?» አለ ሙባሪክ ከራሱ ጋሪ ላይ ሆኖ፣ ሰው እየሰማ።

ሙሀመድሰይድ ዑመይርን አየው። ዑመይር ምስጢሩን ለማንም አልተናገረም፤ ዓይኑን ወደ ፈረሱ መለሰ። ያንተ ውሳኔ ነው እንደ ማለት።

«መርካቶ ድረስ ሰምተናል፣ 'የለኝም' አልክ አሉ» አለው ሙሀመድሰይድ ለዑመይር። ከዚያ ወደ ሙባሪክ ዞረ። «መኪና የለኝም» አለ። ፌስታሉን ጋሪው ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ተቀመጠ። ወደ ቤት ሲሄዱ ዑመይር የአጎቱ ልጅ እንዲህ ተዝናንቶ ሲቀመጥ ካየው ዘመን እንደሆነው ታሰበው።

ሃፊዛ በነሐሴ ሄደች። ቪዛው ከብዙ ምልልስ በኋላ ተሰጣት፤ ቲኬቱን ድርጅቱ ቆረጠላት። ዑመይር እስከ ቡታጅራ መናኸሪያ በጋሪው አደረሳት፤ አውቶብሱ ሲወጣ እጁን አነሳ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አያውቀውም።

በርበሬው ቀልቶ በሚለቀምበት ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ነዒማና ዑመይር ደጃፉ ላይ የተሰጣውን በርበሬ እያገላበጡ ነበር። ያ ኮሌጅ ያለበት አገር ገና እየነጋ ነው። ሃፊዛ ስለ ብርዱ ነገረችው፣ ስለምትማርበት ላቦራቶሪ ነገረችው፣ ስለ ፈረሱ ጠየቀችው፣ ስለ ወለተ ሐና ላም ጠየቀችው። ሁሉንም ደህና ናቸው አላት።

«እናንተስ አባዬ? ቤት ምን ጎደለ?»

«አልሃምዱሊላህ» አለ ዑመይር፣ «ምንም…»

አቋረጠው። ነዒማ ከበርበሬው ቀና ብላ ታየዋለች።

«አንቺ» አለ። «አንቺ ጎድለሻል፣ ልጄ።»